በመሐላ የመጣ አይበላም

ወረታ፣ ኅዳር 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

እትዬ ደብረወርቅ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ከክሊኒክ ተረኝነት ወጥተሽ፣ እግርሽን ወንበር ላይ ሰቅለሽ እንድታነቢው ነው የምፈልገው። መልስ ያዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም። መጀመሪያ ቤት ስፈልግ፣ ከዚያ አልጋ ስፈልግ፣ ከዚያ ደግሞ ጠመኔ ስፈልግ ጊዜው አለቀብኝ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ቤቱ ደህና ነው። አከራዬ ወይዘሮ ይታይሽ ሩዝ ነጋዴ ናቸው፤ ግቢው ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ አለ። ከማለዳ ጀምሮ ይጮሃል፤ ትራሴም ሸሚዜም ገለባ ገለባ ይሸታል። ከተማው ይሞቃል፣ አዎ። አጎበር እገዛለሁ፣ አዎ። ሚስት አላገኘሁም፤ እሱንም ጠይቀሻል።

ምን እንደማስተምር ለጎረቤት ስትናገሪ «ፍልስፍና» እያልሽ ሰው አታስፈራሪ። ሥነ ምግባር ነው። ተማሪዎቼ ኮሌጁን ሲጨርሱ ገጠር የሚመደቡ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ናቸው። ሰብል፣ ከብትና መስኖ ይማራሉ፤ የእኔ ትምህርት እንደ ጎመን ላይ ሚጥሚጣ ጣል የተደረገች ናት። እኔ ግን ሦስቱን ሚዛን ይዤ ገብቻለሁ፦ ሥራ በውጤቱ ይመዘናል የሚለውን፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ግዴታህን ፈጽም የሚለውን፣ መጀመሪያ አንተ ራስህ ምን ዓይነት ሰው ነህ ብሎ የሚጠይቀውን። እነዚህ ልጆች ነገ ለማን ማዳበሪያ እንደሚደርስ፣ ለማን እንደማይደርስ የሚወስኑ ናቸው። ከዚህ በላይ ማንን ላስተምር?

አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ይህን ጠየቅኩ፦ ደመኛ ጠመንጃውን ይዞ ደጃፍህ ቆሟል፤ የሚፈልገው ሰው ጓዳህ ተደብቋል፤ «አለ ወይ?» ቢልህ ትዋሻለህ ወይስ እውነቱን ትናገራለህ? ዩኒቨርሲቲ እያለን በዚህ ጥያቄ ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው። እዚህ ግን መንግሥቴ ወልደ ሥላሴ የሚባል ከቁሐር ሚካኤል መንደር የመጣ ረጅም ልጅ ተነሣ።

«ግባና እህል ቅመስ እለዋለሁ» አለ።

ጥያቄው እሱ አይደለም ስለው፣ «ቤቴ የበላ ሰው ቤቴ ውስጥ አይገድልም» አለኝ። ባይበላስ ስለው፣ «እሱን ያኔ አያለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከአምስት አንድ ሰጠሁት፤ ጥያቄውን ሸሽቷልና።

ወንድምሽ የኔነህ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1996

የኔነህ፣ የእኔ ፈላስፋ፣

እንደምን አለህልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ እግሬ ብቻ ነው ያበጠው። አራት ገጽ ጽፈህ ስለ ራስህ የነገርከኝ የገለባውን ሽታ ብቻ ነው። ምን ትበላለህ? ማን ያጥብልሃል? አጎበር «እገዛለሁ» ማለት አልገዛሁም ማለት ነው፤ እኔን ማታለል ትተህ ተማሪዎችህን አስተምር።

ለዚያ ልጅ አንድ ለምን እንደሰጠኸው አልገባኝም። እኔ ብሆን አምስቱንም እሰጠው ነበር። ቢያንስ ሰው አልሞተም።

አሁን ደግሞ በደንብ አንብብ። የማክማት አንዲት ሴት ባሏ ቦሌ አዲስ በተከፈተ የግል ኮሌጅ ኃላፊ ነው። ለመስከረም አስተማሪ ይፈልጋሉ። ስምህን ነግሬያታለሁ። ሳታስበው «አገሬን ላገልግል» ብለህ እንዳትመልስልኝ። እኔም አገር ውስጥ ነው ያለሁት።

እህትህ

ወረታ፣ ጥር 30 ቀን 1996

እትዬ፣

የገናን ሰላምታ በዚህ ላይ ደርቤ ልላክልሽ፤ ማዘግየቴን ይቅር በይኝ። የቦሌውን ነገር አስባለሁ። ዛሬ ግን ልቤ ሞልቶ ነው የምጽፈው።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ቀድሞ ወጥቶ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ፈተናው የሚባዛበትን አንድ የተበላሸ ስቴንስል ጥላ፣ በማግሥቱ ከቅርጫቱ ጠፋባት፤ ያወቅነው ተማሪዎቹ ከተፈተኑ በኋላ ነው። የሥነ ምግባር ፈተና ይሰረቃል ብለሽ ሳቂ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ፈተናውን ሰርዤ ሌላ ላውጣ ስል ዲኑ ጊዜ የለም አሉ። ማን እንዳየው ደግሞ ማንም አይናገርም።

ማታ ለወይዘሮ ይታይሽ ባጫውታቸው፣ «ታዲያ አውጫጭኝ አትጠራም?» አሉኝ። ገጠር ከብት ሲሰረቅ አገሩ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ሁሉም ይምላል፤ ሌባው መሐላው ላይ ይያዛል። ይህን ስሰማ ዘለልኩ። ሦስት ወር ሙሉ በባዕድ ምሳሌ ሳደክማቸው ከርሜ፣ ለካ የአገሩ ሚዛን ደጃፌ ላይ ነበር!

ክፍሉን ሰበሰብኩ። ከዲያቆኑ ተማሪ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ከሙስሊሞቹ ቁርዓን አስመጣሁ። «ፈተናውን ቀድሜ አይቼ እንደሆነ ይህ መጽሐፍ ይፍረድብኝ» እያሉ አንድ በአንድ ማሉ። ፊታቸው ሲለወጥ ብታዪ፤ በእኔ ትምህርት እንዲያ ከብደው አያውቁም። መንግሥቴ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አልምልም» አለ።

«ፈተናውን አይተሃል ማለት ነው?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያስ ማል።»

«አልምልም።»

ያ የደመኛው መልስ ትዝ አለኝ፤ ያኔም እንደዚሁ ነው የሸሸው። ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ሪፖርት አደረግኩ፤ ፈረምኩበትም። ጉዳዩ እስኪወሰን ከትምህርት ታግዷል። ከተባረረ ዲፕሎማም የለ፣ ሥራም የለ፤ ያሳዝናል። ግን ግዴታ ግዴታ ነው፤ ይህን ራሴ ነው የማስተምረው።

የኔነህ

አዲስ አበባ፣ የካቲት 19 ቀን 1996

የኔነህ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁበት። ለምን እንደማይምል ጠየቅከው ወይ?

መርፌ እምቢ የሚል በሽተኛ በየቀኑ ይገጥመኛል። አንዱ ፈርቶ ነው፣ አንዱ ጾም ይዞ ነው፣ አንዱ እናቱ በመርፌ ሞታበት ነው። እምቢ ማለቱን ብቻ ካርዱ ላይ ብጽፍ አለቃዬ በጥፊ ትለኛለች። አንተ ግን እምቢታውን ጽፈህ ፈርመህበታል።

ሌላው ደግሞ፦ ሌሎቹ ሁሉ ምለው፣ እሱም አላየሁም ያለው እውነት ከሆነ፣ ከማሉት አንዱ በሐሰት ምሏል ማለት ነው። ያ በሐሰት የማለው ክፍል ተቀምጦ እየተማረ ነው። ይሄ አያስተኛህም ብዬ አስብ ነበር።

ደክሞኛል፤ እዚህ ላይ ላብቃ። አጎበሩስ?

ደብረወርቅ

ወረታ፣ መጋቢት 21 ቀን 1996

እትዬ፣

ዝም ማለቴ ከኩርፊያ አይደለም፤ ከእፍረት ነው። አልጠየቅኩትም። ይኸው መልሱ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ያልታረሙትን ወረቀቶች አወጣሁ። አስቀድሜ ማድረግ የነበረብኝ ይህን ነበር። ከግማሽ በላይ የሆኑት አራተኛው ጥያቄ ላይ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ጽፈዋል፤ ስሕተቱ እንኳ አንድ ነው። የመንግሥቴን ወረቀት ሳወጣ አራተኛውን ጥያቄ ጭራሽ በሌላ መንገድ፣ ያውም አጣሞ መልሶታል። ፈተናውን አላየም። ያዩት የማሉት ናቸው።

ቁሐር ሚካኤል ሄድኩ። በዚህ ወቅት መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከብቱ የሩዝ ጭድ ይለቅማል። መንግሥቴ በሬ ውሃ ሲያጠጣ አገኘሁት። አልተቆጣም፤ ብድግ ብሎ እጅ ነሣኝና ቤት አስገባኝ። ይብሉ ተባልኩ፤ በላሁ። አባቱ አያ ወልደ ሥላሴ ይባላሉ፤ እዚህ ታላቅን «አያ» ነው የሚሉት። ልጅዎ ለምን አይምልም አልኳቸው።

«አባቴ በድንበር ተካሰው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማሉ» አሉኝ። «በዓመቱ ከወንድም ከእኅቶቼ እኔ ብቻ ቀረሁ። እውነት ምለው እንደሁ፣ ሐሰት ምለው እንደሁ፣ እስከ ዛሬ አናውቅም። ከዚያ ወዲያ የነፍስ አባታችን ከዚህ ቤት ማንም እንዳይምል ገዘቱን። በእውነትም ቢሆን።»

ያ ዓመት ወባ የገባበት ዓመት ይሆናል አልኳቸው፤ የተማረ ሰው ምን ይላል ብለሽ ነው።

«ወባማ ነው እንጂ! እንዴት ነው ነገሩ፣ ወባ መሆኑን አጥተነው መሰለዎ? የላከውን ነው ያላወቅነው።»

መንግሥቴን ይህን ለምን ክፍል ውስጥ አልነገርከኝም ስለው፣ «ማል አሉኝ እንጂ ለምን አላሉኝም፤ ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር» አለኝ። ይኸው ነው፤ አንቺ ከአዲስ አበባ ሆነሽ የጠየቅሽውን እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ አልጠየቅኩትም።

ስመለስ አያ ወልደ ሥላሴ አብረውኝ መጡ። ሩዛቸውን በአህያ ጭነው ወይዘሮ ይታይሽ ወፍጮ ሊያስፈለፍሉ ነው። መንገዱን ሙሉ ስለ ልጃቸው አንድ ቃል አላነሡም። የሚያወሩኝ ስለ አህያዋ ክፋት ነበር።

ነገ ለኮሚቴው አመለክታለሁ። የጻፍኩትን ራሴ ካላነሣሁት ማንም አያነሣውም።

የኔነህ

ወረታ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1996

እትዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። የላክሽው ሹራብ ደርሶኛል፤ ለዚህ ሙቀት ሹራብ ማን እንዳዘዘልሽ አላውቅም፣ ግን ትራስ አድርጌዋለሁ። «እንዴት ሆነ?» ላልሽው፦ ተመልሷል። አዎ፣ መንግሥቴ ክፍል ገብቷል። እንዴት እንደተመለሰ ግን ደስ የሚል ነገር አይደለም።

ኮሚቴው ፊት ወረቀቶቹን ዘረጋሁ። ምክትል ዲኑ አቶ ደረሰ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ አዩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የደከማቸው ሰው ናቸው። ከተማው ውስጥ ወሬ አለ አሉ፤ ከልጁ አባት ጋር አንድ ኩንታል ሩዝ አስጭነው ግቢዎ ሲገቡ ታይተዋል፤ የልጁን ወረቀትም በሩዝ ጉቦ ነው ያገላበጡት ይባላል። የወፍጮውን ነገር አስረዳሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አምንዎታለሁ» አሉ። «ኮሚቴው ግን ይማሉልን ይላል። ሥርዓቱን ያመጡት እርስዎ ነዎት።»

መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እትዬ፣ እኔ መሐላ የማያስፈራኝ ሰው ነኝ፤ ምንም አልተቀበልኩም፤ እውነት ነው። እንግዲህ ምን ከለከለኝ? ብምል ልጁ ይመለሳል። ብምል ግን ንጹሕ ሰው ይምላል፣ ያልማለ ጥፋተኛ ነው ብዬ በገዛ እጄ ማጽደቄ ነው፤ መንግሥቴ የታገደበትን ሕግ ዳግመኛ መፈረሜ ነው። እምቢ ብል ሕሊናዬ ይጸዳል፤ ልጁ ግን በሬውን እያጠጣ ይቀራል። ይህን ለፈተና አውጥቼው ቢሆን ኖሮ ውብ ጥያቄ ነው ብዬ በኮራሁበት ነበር።

ማልኩ። ውጤቱን መረጥኩ። ልጁ በማግሥቱ ተመለሰ፤ ፈተናውም ለሁሉም ተሰርዞ እንደገና ተፈተኑ። ስቴንስሉን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር እየሆነ ነው። በየገበያው ቀን አያ ወልደ ሥላሴ ደጃፌ ድረስ ይመጣሉ። አይገቡም። ከላይ እስከ ታች ያዩኛል፤ «ደህና ነዎ?» ይላሉ፤ ደህና ነኝ ስላቸው «ተመስገን» ብለው ይሄዳሉ። ነገሩ ግራ ገብቶኝ ወይዘሮ ይታይሽን ብጠይቅ ሳቁብኝ። «ለልጃቸው ብለህ ማልህ አይደል? በሕይወት መኖርህን ሊያዩ ነው» አሉኝ። መንግሥቴም እንዲያው ነው፤ ክፍል ውስጥ እኔ ካሳልኩ እሱ መጻፉን ያቆማል።

የቦሌውን እስከ ሐምሌ ታገሢኝ። አንዳንድ ቀን ዛሬውኑ አውቶቡስ ላይ ልወጣ እልና ሻንጣዬን አያለሁ።

የኔነህ

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 16 ቀን 1996

የኔነህ፣

ሁለት መስመር ጽፈህ «ጉንፋን ነው፣ አትጨነቂ» ትለኛለህ። ጉንፋን የያዘው ሰው «አትጨነቂ» የሚለው ቃል ላይ ሦስት ጊዜ እጁ አይንሸራተትም። ይህን የመሰለ ጽሑፍ በየቀኑ የማየው ከተኙ ሰዎች ነው። ወባ ነው አይደል? አጎበሩንም አልገዛህም። ደም ተመርምረህ ክኒኑን እስከ መጨረሻው ውሰድ፤ ሲሻልህ እንዳታቋርጠው።

ስለ መንግሥቴስ አንድ ቃል ያልጻፍከው ለምንድን ነው? ምርቃቱ በዚህ ወር አይደለም እንዴ? ስትደብቀኝ የምትደብቀው በዝምታ ነው፤ ልጅ ሆነህም እንዲሁ ነበርክ።

የቦሌው ሰዎች ወስነዋል። ደመወዙ አሁን ከምታገኘው በእጥፍ ይበልጣል። መልስህን በዚህ ወር ውስጥ ላክልኝ። ና። ሁለታችንም ደክሞናል፤ አንድ ቤት ሆነን እንድከም።

እህትህ ደብረወርቅ

ወረታ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1996

እትዬ ደብረወርቅ፣

ወባ ነበር። ይቅር በይኝ። አሁን ደህና ነኝ፤ ክኒኑን ጨርሻለሁ፣ አጎበርም ገዝቻለሁ። ከስቻለሁ እንጂ እህል ይገባልኛል። ወይዘሮ ይታይሽ የሩዝ ሾርባ እያጠጡ ነው ያነሡኝ።

የደበቅኩሽን ልንገርሽ። ጤና ጣቢያ የገባሁ ጊዜ ጥቂት ቀን ራሴን አላውቅም ነበር። መንግሥቴ መጥቶ አጠገቤ ቆሞ እንደነበር አስታማሚዎች ነግረውኛል። ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ አቶ ደረሰ ቢሮ ሄዶ መታወቂያውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠ። ምርቃቱ ደርሶ ጋዎን እየተለካ ነበር። አቶ ደረሰ አብደሃል ወይ አሉት፤ ለመኑትም።

«በመሐላ የመጣ አይበላም» አላቸው። «እሳቸው እኔን ብለው ማሉ፤ ይኸው መሐላው ያዛቸው። ያመጣልኝን ልመልስና ይልቀቃቸው።»

ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ከአልጋ የተነሣሁት እሱ በሄደ በሳምንቱ ነው። የተመረቁት ተመርቀዋል፤ ያንን አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር የጻፉት ሁሉ ጋዎን ለብሰው ፎቶ ተነሥተዋል። መንግሥቴ የለም። እኔ ውጤቱን ስመዝን ልጁ ተመልሶ ሲመረቅ ድረስ ነበር ያየሁት፤ እሱ እኔን ሲመዝነኝ ግን አላየሁትም። በመሐላ የመጣውን እንደማይበላ አንድ ቃል ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። ዳግመኛም አልጠየቅኩትም።

አቶ ደረሰ ዘንድ ሄድኩ። በዓመቱ መጨረሻ ማንም ጉልበት የለውም። በመስከረም የመጨረሻውን ዓመት እንደ አዲስ ተመዝግቦ ሊደግመው ይችላል አሉኝ። ያለ ኮሚቴ፣ ያለ መሐላ፤ እንደ ማንኛውም ደጋሚ።

ትናንት ቁሐር ሚካኤል ወረድኩ። ሜዳው በሙሉ ውሃ ነው፤ ጫማዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ሁለት ጊዜ ወድቄ ደረስኩ። ቤተሰቡ በሙሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሩዝ ያርማል። መንግሥቴ ቀና ብሎ ሲያየኝ የያዘውን አረም ጣለው። እየተንቦጫረቀ መጥቶ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ፤ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገ፤ ከዚያ ሳቀ። እንደዚያ ደስ ብሎት ያየኝ ሰው ካንቺ በቀር አላውቅም።

«ለቀቀዎ» አለኝ።

ክኒኑ ነው ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። አንቺ በዚያ በኩል ምን እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ፤ «እውነቱን ነገርከው ወይ?» ነው። አልነገርኩትም። ብነግረው ይሰማኛል፤ አባቱ ወባን እንደሚያውቁ ሁሉ እሱም ክኒንን ያውቃል። ግን ልጁ አንድ ዓመቱን አውጥቶ እኔን ገዝቶኛል። የከፈለበትን ዕቃ እዚያው ውሃ ውስጥ ቆሞ እያለ ዋጋ የለውም ልበለው? ይህ በየትኛው ሚዛን ትክክል እንደሆነ ዛሬ ለማሰብ ደክሞኛል። የፈለግሽውን ስጪኝ፤ ከአምስት አንድም ቢሆን እቀበላለሁ።

ይልቅ የአቶ ደረሰን ነገር ነገርኩት። በመሐላ የመጣውን መልሰሃል፤ ተመልሶ ንጹሕ ሆኗል፤ በመስከረም ተመዝግበህ የምታገኘው ግን የማንም መሐላ የለበትም፣ የራስህ ነው አልኩት። ወደ አባቱ ዞረ። አያ ወልደ ሥላሴ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«እሱስ ደግ ነው» አሉ። «ይሄ ይበላል።»

መንግሥቴ ግን ወዲያው እሺ አላለም። አረሙን ከውሃው እያነሣ፣ እኔን ሳያይ ጠየቀኝ።

«እርስዎስ ይኖራሉ?»

እትዬ፣ ያንቺን ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር። ለቦሌዎቹ የጻፍኩት የእሺታ መልስም ከሱ ጋር ነበር፤ ስመለስ ፖስታ ቤት ልጥለው። ባንቺ ላይ ስንት ነገር እንደምጥል አውቃለሁ። እግርሽን አውቃለሁ። አንድ ቤት ሆነን እንድከም ያልሽውንም ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። በዓመት ሁለት ጊዜ እየመጣሁ፣ ከደመወዜ እየላክሁ፣ አንድ ዓመት ብቻ ታገሢኝ። ተቆጪኝም፤ ግን ጻፊልኝ።

«እኖራለሁ» አልኩት።

ይማሉልኝ አላለኝም። አረሙን ጣለና እጁን ዘረጋልኝ።

ወንድምሽ የኔነህ